የቁልቁለቱ ስምንት ሰው

አዳማ፣ የካቲት ፲፩ ቀን ፲፱፻፳፫ ዓ.ም.

ለልጄ ለደገፋ ባጫ፤ ድሬዳዋ፣ ባቡር መጠገኛው ዘንድ።

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትህ? ሌላ ጊዜ በደብተራው እጅ ነበር የማስጽፍልህ። ይህን ግን ፊደሌ ቢጣመምም ራሴ ጻፍሁት። ቆመህ እንደሆነ የምታነበው፣ ቁጭ በል። እናትህ ዲንቄ ካረፈች ዛሬ ዐሥራ ሁለት ቀኗ ነው።

የላክኸው ቶርኖ በደኅና ደረሰ። ከባቡር ሲያወርዱት እናትህ እልል አለች። "ልጄ ብረትን እንደ እንጨት የሚልግ መኪና ላከ፤ ከእንግዲህ ባሌ በወናፍ አይቃጠልም" እያለች ላገኘችው ሁሉ ስትናገር ዋለች።

እንደመከርኸኝ የሚፈታውን ሁሉ ፈትቼ በአህያ አስቀደምሁ። የቀረው አካሉ ብቻውን የሁለት በሬ ክብደት ነበረው። "ቁልቁለት ላይ ከኋላ ገመድ የሚይዝ ስምንት ሰው ያስፈልጋል፤ ከፊቱ ማንም አይቁም" ብለህ ጽፈህልኝ የለ? ስምንት ሰው ፍለጋ ሦስት ቀን ዞርሁ። ማረሻቸውን ስሠራላቸው የኖርሁ ሰዎች ናቸው። ጎረቤታችን ጆቴ እንኳ በሩ ላይ ቆሞ፣ "ባጫ፣ ማረሻዬን ሥራልኝ እንጂ የቀጥቃጭ ዕቃ ስገፋ ገበያ መሐል አልታይም" አለኝ። የመጣልኝ ግመል ነጂው አብዱልመናን ብቻ ነው። "ሦስት ሆነን በዝግታ እናወርደዋለን" አለ። ሦስተኛዋ እናትህ ነበረች።

ሜዳውን በድብልብል ግንድ ላይ እያንከባለልን፣ በተከራየኋቸው በሬዎች እየሳብን አለፍነው። ወደ ቤታችን የሚወርደው ቁልቁለት ላይ ስንደርስ በሬዎቹን ፈታን። ገመዱን ግራር ላይ ጠምጥመን ጥቂት በጥቂት ለቀቅነው። ግማሽ መንገድ ድረስ በደኅና ወረደ። ከዚያ ገመዱ አለቀ። ወደ ታችኛው ግራር እስክናዛውረው ድረስ ብረቱን የያዘው ከሥሩ የሸጎጥነው ሽብልቅ ብቻ ነበር። አፈሩን ታውቀዋለህ፣ አመድ ነው። ሽብልቁ ሰመጠና ብረቱ ተንቀሳቀሰ። አብዱልመናን "ሽሹ!" ብሎ ጮኸ። እናትህ ድንጋይ አቅፋ ከፊቱ ገባች።

አልተሠቃየችም። ቃልም አልተናገረችም።

ለቀብሯ የመጣውን ሰው ብዛት ብነግርህ አታምነኝም። አስከሬኗን ለመሸከም ተሻሙ። ከቀብር መልስ ጆቴ ኩታውን አደግድጎ ሌሎቹን ጠራና ብረቱን እየገፉ ደጄ አደረሱት። ቶርኖው ጭረት እንኳ የለበትም።

አንተ የላክኸው በፍቅር ነው። "ባልላክሁት ኖሮ" እያልህ ራስህን እንዳትበላ።

ለለቀስተኛው ሁሉ "ራሷ ገባች" አልሁ። አብዱልመናንም እየሰማ ዝም አለ። ላንተ ግን አልዋሽም። እሱ "ሽሹ!" ሲል፣ እኔ "ዲንቄ፣ ድንጋይ አስገቢበት!" ብዬ ጮኼ ነበር። የሳሳሁት ለብረቱ ነው። እሷ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ቃሌን ጥላ አታውቅም።

ለአርባዋ ና። ፊቴን ማየት ካልቻልህ መቃብሯን ተሳልመህ ተመለስ፤ አልቀየምህም። የእናትህ አምላክ እጅህን ከብረት፣ ልብህን ከቂም ይጠብቅልህ።

አባትህ ባጫ