የላክሻቸው ሁለቱ ሳጥኖች

ይድረስ ለታናሽ እህቴ ለኮሪን፤

እንደምን ከርመሻል? ቨርሞንት ዘንድሮም በረዶው መስኮት ደርሷል ሲሉ ሰማሁ፤ ብርዱን እንዴት ቻልሽው? ያ ጉንፋን ለቀቀሽ? የባለቤትሽ የሌላንድ ወገብስ ተሻለው? ልጃችሁ ፊቢ ትምህርቷን ያዘች ወይስ አሁንም ከእንቅልፍ ጋር ትታገላለች? እኔና አባባ በሕይወት አለን። የእሱ ሳል በዚህ በደረቅ አየር ቀንሶለታል፤ የእኔ ጉልበት ደረጃ ሲያይ ያጉረመርማል፤ የቀረው ሁሉ ምስጋና ነው። በየቅዳሜው አንቺን በቴሌቪዥን ለሚያይ ሰው «ደህና ነሽ ወይ» ብሎ መጻፍ ሞኝነት ይመስላል። ጉንጭሽ ቀልቶ፣ ጸጉርሽ ተተኩሶ እናይሻለን። ቴሌቪዥን ግን ጤና አይናገርምና ደግሜ እጠይቅሻለሁ፤ እውነቱን ደህና ነሽ?

አዲሱን ዲጂታል ስርጭት ለአሮጌ ቴሌቪዥኖቻችን እንዲቀይሩ የላክሻቸው ሁለት መቀየሪያ ሳጥኖች ከገና በኋላ ደርሰውናል። እስከ ዛሬ ደረሱ ብዬ አለመጻፌ ገርሞሽ ይሆናል። ረስቼ አይደለም፤ ቀንቼ ነው። ካርቶኑን ከፖስታ ቤት ተሸክሜ ያመጣሁት እኔ ነኝ። አባባ ግን ሰፈሩን ሁሉ፣ መቼም እዚህ በረሃ ላይ ተደርድረን የቆምነውን የቤት መኪኖች ሰፈር ካልነው፣ ከበር በር እየዞረ «ልጄ ላከችልኝ» ሲል ዋለ። በዚያ ሰዓት እዚህ ያለችው ልጁ የመኪናውን ቆሻሻ ውኃ እየደፋች ነበር። ጠዋት ኪኒኑን የምሰጠው እኔ፣ ካልሲውን የማጠልቅለት እኔ፣ «ልጄ» ግን አንቺ። ካርቶኑን ከምግብ ጠረጴዛው መቀመጫ ሥር ከተትኩት። መቼ ትገጥሚዋለሽ ሲለኝ ጊዜው ሲደርስ አልኩት።

አባባ ቅዳሜ ቅዳሜ ጢሙን እንደሚላጭ ታውቂያለሽ? ከየት ታውቂዋለሽ። የስፌት ፕሮግራምሽ ከመጀመሩ በፊት ይላጫል፤ አንገትጌ ያለው ሸሚዝ ይለብሳል፤ የቀረችውን ጸጉር በውኃ ያስተኛል። እኔ ዘንድ ለቁርስ የሚመጣው በካናቴራ ነው። አንድ ቀን «ኮሪን እኮ አታይህም» ብለው «እኔ ግን አያታለሁ» አለኝ።

ፌብሩዋሪ ላይ እንደተባለው ጣቢያው የድሮውን ስርጭት አቋረጠ። ቅዳሜ ደረሰ፤ አባባ ተላጭቶ ተቀመጠ፤ ከፊቱ የሚዘንበው ግን ነጭ ነጠብጣብ ብቻ ነበር። ፕሮግራምሽ የሚያልቅበት ሰዓት እስኪደርስ ከወንበሩ አልተነሳም። ደስ አለኝ ብልሽ ትታዘቢኛለሽ፤ ግን ትንሽ ደስ ብሎኛል። እስቲ ዛሬ እንኳ እኔና እሱ ብቻችንን እንጫወት ብዬ የመጫወቻ ካርታ አወጣሁ። ካርታውን አደልኩት፤ ተቀበለኝና «ዛሬ ምን ትሰፋ ይሆን?» አለኝ። ካርታውን ሰብስቤ መለስኩት።

ሌሎች ሁለት ቅዳሜዎችም እንዲሁ አለፉ። ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ አባባን ከመኪናው ጀርባ ባለው መሰላል ላይ አገኘሁት። ሰማንያ አራት ዓመቱ ነው፣ ኮሪን። በአንድ እጁ መሰላሉን፣ በሌላው አንድ ቁራጭ ገመድ ይዞ፣ አንድ እግሩ መርገጫ ፍለጋ አየር ላይ ይወዛወዛል። የያዝኩት ዕቃ ከእጄ ወደቀ። ምን እያደረግህ ነው ብለው፣ አንቺ ሥራ በዝቶብሻል፣ አንቴናውን እኔው ልየው ብዬ ነው አለኝ፤ ያለ አንዳች ቁጣ። ተቆጥቶኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ወገቡን አቅፌ አወረድኩትና ካርቶኑን ያንኑ ዕለት ከመቀመጫው ሥር አወጣሁት።

ገጠማው ቀላል መስሎሽ ከሆነ ተሳስተሻል። አብሮ የመጣው ወረቀት የሚያወራው ስለ ቤት ነው፤ መኪና ውስጥ ለሚኖር ሰው የሚል ቃል የለውም። ከጣሪያችን አንቴና የሚወርደው ገመድ ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ሳሎን ወደምንለው ወደ ሾፌሩ ወንበር ጀርባ፣ አንዱ በአባባ አልጋ ራስጌ ወዳለው ትንሽ ቴሌቪዥን። እኔ ገመዱ ሳይከፈል በፊት አንዱን ሳጥን ብሰካው ለሁለቱም ይበቃል፣ ሁለተኛውንም እመልሰዋለሁ አልኩ። ስጦታሽን በግማሽ ላሳንሰው ፈልጌም ይሆናል። ያስቆመኝ ጎረቤታችን ሩፈስ ነው፤ ከሚስቱ ከዊልማ ጋር ከኛ ቀጥሎ ነው የቆሙት። እንደዚያ ከሆነ ሽማግሌው አልጋው ላይ ተኝቶ አንቺ ከፊት ባለው ቴሌቪዥን የመረጥሽውን ብቻ ሊያይ ነው አለኝ። ምን አለበት ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቴሌቪዥን የየራሱን ሳጥን ሰጠን፤ ገመዱን ከግድግዳው ወደ ሳጥኑ፣ ከሳጥኑ ወደ ቴሌቪዥኑ። ሳጥኖቹ የሚሠሩት በቤት ኤሌክትሪክ ነው፤ የመኪናው ባትሪ አይበቃቸውምና ጀነሬተሩን አስነሳን። ቴሌቪዥኑን ሦስተኛው ቻናል ላይ አድርጌ ሳጥኑን ጣቢያ ፈልግ ብዬ አዘዝኩት። ፈለገ፣ ፈለገ፣ ምንም የለም አለ። የመኝታ ቤቱም እንደዚሁ። ሩፈስ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንቴናው ደህና ነው ብሎ ወረደ። ገመዶቹን ነቅለን ሰካን፤ ነቅለን ሰካን። እኔ ላብ በላብ ሆኜ አንቺን በሆዴ እየተራገምኩ ሳለ ዊልማ ለመቀመጥ ብላ የአባባን ኮፍያ ከተንጠለጠለበት አነሳችና «ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» አለች። ከኮፍያው ሥር ግድግዳው ላይ ትንሽ ማብሪያ አለች። ለካ አንቴናው ጉልበት የሚያገኘው በሷ በኩል ኖሯል፤ ኮፍያው ሲንጠለጠል ነው መሰል ጠፍታለች። ተጫንኳት፤ ቀይ መብራት በራ። ሳጥኑን ድጋሚ ስናዘው ጣቢያዎቹ እንደ ፈንዲሻ አንድ በአንድ ይፈነዱ ጀመር።

እዚህ ላይ ነገሩ ባለቀ ነበር። ዊልማ ግን ምን አጣደፋችሁ ብላ አባባን ጠየቀችው፤ እሱም ቅዳሜ ልጄን ላይ ነው ብሎ ስምሽን ነገራት። ያን ጊዜ ፊቷን ብታይው። «ኮሪን? ያቺ በቁርጥራጭ ጨርቅ ብርድ ልብስ የምትሰፋዋ? የእርስዎ ልጅ ናት?» ብላ ወደኔ ዞረችና ከጸጉሬ እስከ ጫማዬ ወርዳ አየችኝ። «ታዲያ አንቺ የእናቷም ልጅ ነሽ?» አለችኝ። ሩፈስ ደግሞ «እግዜር ሲያድል ለአንዷ መርፌ፣ ለአንዷ መሪ ሰጠ» አለ። ሳቁ። ይበልጥ የሳቀው አባባ ነው። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሃያ ስድስት ዓመት የተማሪ አውቶቡስ የነዳ ሰው ፊቱን ሳይለውጥ መቆየት ያውቅበታል።

ያ ቅዳሜ ትናንት ነበር። ዊልማ የኮክ ኬክ ጋግራ፣ ሩፈስ ታጣፊ ወንበሩን ይዞ መጡ። አባባ ተላጭቶ መሐላቸው ተቀመጠ። ሥዕሉ መጣ። አንድ ነጠብጣብ የለበትም፤ ከጀርባሽ መደርደሪያው ላይ ያሉት ክሮች ቀለማቸው ሳይቀር ይለያል። አንቺም ፈገግ ብለሽ «ይህን ስፌት ያስተማረችኝ እናቴ ናት» አልሽ። ኮሪን፣ እማማ ያን ስፌት ስታስተምር አንቺ ቦስተን ነበርሽ። አጠገቧ ተቀምጣ ጣቷን ስትወጋ የከረመችው እኔ ነኝ፤ አንቺ ለገና መጥተሽ ከኔ ነው ያየሽው። ዊልማ ዐይኗን በናፕኪን እየጠረገች እንዴት ያለች እናት ናት ትላለች። ተነስቼ ሳህን ማጠብ ጀመርኩ። ያልቆሸሸውን ሁሉ አጠብኩት።

ትንሽ ቆይቶ አባባ ጠራኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ናዲን፣ ነይ እስቲ። እጇን እይልኝ» አለ።

እጄን እያደረቅሁ ከኋላው ቆምኩ። ግራ እጅሽ የቀኝ እጅሽን አንጓ ጨብጧል። ክሩን ወደ መርፌው ቀዳዳ ወሰድሽው፤ ሳተው። እየተጫወትሽ ደግመሽ ሞከርሽ። ካሜራው ወደ ጨርቁ ዞረ፤ ሲመለስ ክሩ ገብቷል። ማን እንዳስገባልሽ አላየንም። ዊልማና ሩፈስ ምንም አላስተዋሉም፤ ከየት ያስተውላሉ? እኔና አባባ ግን የእማማን እጅ ሲንቀጠቀጥ ስድስት ዓመት ሙሉ አብረን አይተናል። እሷም መጀመሪያ ላይ እንዲሁ አንጓዋን ይዛ፣ ብርድ ነው እያለች ነበር የደበቀችን። በድሮው ሥዕል፣ በዚያ ሁሉ ነጠብጣብ መሐል፣ ይህን ማን ይለየዋል? ስንት ቅዳሜ እንዳለፈን እንጃ።

እንግዶቹ ሲሄዱ አባባ ቴሌቪዥኑን አጠፋና «የድሮው ይሻል ነበር» አለኝ። ኬኩን አልነካም፤ እራትም አልነካም። ሸሚዙን እንኳ ሳይቀይር መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ስላንቺ አሰበ። አሁን የምነግርሽን ሌላ ሰው ቢነግርሽ አታምኚውም፤ ለዚያም ቀናሁ። እህቴ ታመመች ብዬ ከመደንገጤ በፊት፣ ለኔ እጅ እንዲህ ያዝን ነበር ወይ ብዬ ቀናሁ። አላስችል ብሎኝም ጠየቅሁት። የኔ እጅ ቢሆን ታየው ነበር ወይ አልኩት።

አባባ እጄን ተቀበለኝና እንደ ዕቃ ገልበጥ አድርጎ አየው። «ያንቺ ቢንቀጠቀጥ እኮ ይሄኔ ገደል ገብተን ነበር» አለ። ቀጥሎም «መንገድ ላይ እንቅልፍ የሚወስደኝ ይሄን አምኜ ነው» አለኝ። እጄንም ቶሎ አልመለሰልኝም።

አሁን ተራው ያንቺ ነውና ንገሪኝ። ሐኪም አይቶሻል? ሌላንድ ያውቃል ወይስ ለሱም ብርድ ነው ብለሽዋል? ልደውልልሽ ስልኩን አንስቼ ነበር፤ በስልክ ግን ትስቂና ታልፊዋለሽ፤ ዱሮም መልስ አይጠፋሽም። በመልክ ቀደምሽኝ፣ በስም ቀደምሽኝ፣ ሩቅ ሆነሽ እንኳ በአባባ ልብ ቀደምሽኝ። ይህን በሽታ ግን እኔ ነኝ የማውቀው። እማማን በማንኪያ ያጎረስኳት፣ የሸሚዟን ቁልፍ የቆለፍኩላት፣ ስታለቅስ አብሬ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። የትኛው ጽዋ እንደማይደፋ፣ የቱ ጫማ እንደማያደናቅፍ፣ በየትኛው ሰዓት ሰው ማየት እንደሚያስጠላ አውቃለሁ። ሌላ ነገር ሆኖ ከተገኘ ይስቁብኝ፤ ደስ ይለኛል። የእማማ በሽታ ከሆነ ግን ብቻሽን አትጀምሪው።

በኤፕሪል ወደመጣንበት ወደ ነብራስካ ልንመለስ አስበን ነበር። ዛሬ ጠዋት ስነሳ አባባ የመንገዱን ካርታ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ይጠብቀኛል፤ ጣቱ ቨርሞንት ላይ ነው። ስንት ቀን ይፈጃል አለኝ። እንደ ሾፌሩ ነው አልኩት። ሾፌሩን ለምኚልኝ አለ። ሾፌሩ እሺ ብሏል። መንገዱ ከበረዶ እንደጸዳ እንነሳለን። መኪናው ረጅም ነውና ግቢሽ ውስጥ ያለውን አሮጌ ጀልባ ሌላንድ ያንሳው። ስለ እማማ ስፌትም እዚያ ስደርስ እንጣላለን፤ ለሱ አንድ ቀን ለብቻው ያዢልኝ። ቅናቴ የለቀቀኝ እንዳይመስልሽ፤ ከኔ ጋር ነው የሚመጣው።

ለሌላንድ ሰላምታዬን ንገሪው፤ ይህን ደብዳቤ አንብቦ ቢቆጣሽ ፈቅጄለታለሁ። ፊቢን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ አያትሽ አልጋሽን ሊቀማሽ ነው በያት። ለአማትሽ ለወይዘሮ ኢዲት በአክብሮት እጅ ነስቻለሁ፤ የላኩልንን ማርማላታ አባባ በማንኪያ ጨረሰው። ሩፈስ መንገዳችሁ ይቅና ብሏል። ዊልማ ለዝነኛዋ ሰላም በይልኝ ብላኛለች፤ እኔ የምጽፈው ግን ለእህቴ ነው። አባባ ምን ልበልልህ ብለው ይህን ብቻ ጻፊ አለኝ፤ «ቅዳሜን አልጠብቅም በያት።»

እህትሽ ናዲን

ከቱሳን ወጣ ብሎ፣ አሪዞና
እሑድ፣ ማርች 15 ቀን 2009 እ.ኤ.አ.