ያሳከከኝ ሹራብ

ለውድ እታለም፣

ብርዱ እንዴት ይዞሻል? የአንኮበር ጭጋግ የጉልበትሽን ሕመም አልቀሰቀሰብሽም? ልጆቹ፣ በጎቹ፣ ያ ሰው የሚዋጋው ሙክትሽስ ደህና ነው? እኔ ደህና ነኝ። ይህችን «ደህና» ግን አሁኑኑ አትቀበያት፤ ደብዳቤውን ጨርሰሽ መዝኛት።

ጽሑፉ ማማሩን አይተሽ ወንድሜ ተማረ ብለሽ እልል እንዳትዪ። ሰባተኛ ክፍል ላይ ትምህርት የተውኩት ሰውዬ እንደዚያው ነኝ። የሚጽፈው ቴዎፍሎስ ነው፤ ደብረ ብርሃን አብሮኝ አንድ ክፍል የተከራየው የሥራ ባልደረባዬ። እኔ ተንጋልዬ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል። ከዘራችን ጸሐፊ የቀጠረ የመጀመሪያው ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ጎረቤትሽ አልታየች ከአሊዩ አምባ ገበያ ይዛልሽ የመጣችውን ወሬ ሰምቻለሁ። እነሱ ፋብሪካ ኤሌክትሪክ ሰው በላ ብላሻለች አሉ። አንቺም በአንኮበር መኪና ሹፌር «ቅዳሜ መጥቼ ዕቃውን ጠቅልዬ፣ እሱንም ጎትቼ እመልሰዋለሁ» ብለሽ ልከሻል። ከመምጣትሽ በፊት ነገሩን ከእኔው ስሚው። ማንም አልሞተም።

ኤሌክትሪክ የሚጎዳው ሲነኩት ብቻ ይመስልሻል። እኔም ይመስለኝ ነበር። የፋብሪካው ኃይል የሚያልፍበት ቁም ሣጥን የሚያህል የብረት ሣጥን አለ። ውስጡ መፍቻ ቢወድቅ፣ ወይም ሁለት ብረት ቢገናኝ፣ መብረቅ ይሆናል፤ ሳትነኪው በቆምሽበት ያቃጥልሻል። ስለዚህ ሥርዓት አለው። ኃይሉ ይጠፋል፤ ማንም መልሶ እንዳያበራው በራስሽ ጓጉንቸር ትቆልፊዋለሽ፤ ቁልፉን ኪስሽ ትከቺያለሽ፤ ከዚያ መሞቱን በመለኪያ ታረጋግጫለሽ። የደኅንነት ኃላፊያችን ጋሼ ገብረአማኑኤል ለመለካት ሲጠጉ እንኳ ወፍራም ልብስና ፊት የሚሸፍን ቆብ ያደርጋሉ። «ባሕታዊው» የሚል ስም አወጣሁላቸው። ሰሙና «ባሕታዊ ዕድሜው ረጅም ነው፤ አንተ ለራስህ እወቅ» አሉኝ።

ኅዳር ላይ አንድ ቀን ሰብስበውን፣ ከሥራ ልብሳችሁ ሥር የምትለብሱትን አምጡ አሉ። ከየልብሱ ክር እየመዘዙ ክብሪት ለኮሱበት። ያ የሚያብረቀርቀው የኳስ ማሊያዬ እንደ ጧፍ ተንጠባጥቦ ሲሚንቶው ላይ ተጣብቆ ቀረ። አንቺ የሠራሽልኝን የበግ ጠጉር ሹራብ ደግሞ ከፌስታል አወጣሁ። ክሩ የተለበለበ የበግ ራስ ሸተተና እሳቱ ወዲያው ጠፋ። ማን እንደሠራው ጠየቁኝ። እኅቴ ናት ስላቸው «አንተን አባሮ እሷን መቅጠር ነበር» አሉ።

እለብሰዋለሁ ብዬ ምዬ ወጣሁ። አልለበስኩትም። እውነቱን ልንገርሽ፤ አንገት ያሳክካል። የሠራተኛ ክበብ አስተናጋጇ ሳሌም ደግሞ ቀድሞ ለብሼው ሳልፍ እንደ በግ ትጮኽብኝ ነበር። ታዲያ ምን አደረግኩ? ቴዎፍሎስ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ የእኛ አገር ብርድ ጥርሱን ያፋጨዋል። «ይህን ሹራብ ቄስ ዘሥላሴ ጸልየውበታል፤ እስከ ጥምቀት ሳታወልቅ ከለበስኸው የለመንኸውን ታገኛለህ» ብዬ ሰጠሁት። አምኖ ለበሰ። እሱ ሲያክክ፣ እኔ ለሠራተኛው ሁሉ እየነገርኩ ስንስቅ ከረምን።

እዚህ ላይ እስክሪብቶውን ጥሎ ወጣ። ለካ እስካሁን አያውቅም ነበር።

አሁን ተመልሷል። «ቀጥል» ብቻ ነው ያለኝ። ሹራቡን አሁንም እንደለበሰ ነው።

አደጋው በደረሰበት ሐሙስ ጠዋት ጋሼ ገብረአማኑኤል ጣርማ በር ለቀብር ሄደው ነበር። አንድ ማሽን ቆመ። ቴዎፍሎስ ኃይሉን አጥፍተን እንቆልፍ፣ እሳቸውም እስኪመጡ እንጠብቅ አለ። እኔ ደግሞ «አንድ ብሎን ለማጥበቅ ፋብሪካ ሙሉ ይቆማል? አንተ ፈሪ የከተማ ልጅ» አልኩት። የሥራ ካፖርቴን ወገቤ ላይ አስሬ፣ ማሊያዬን እያሳየሁ፣ ሣጥኑን ከፈትኩ። መፍቻው ከእጄ ሾለከ። ድምፁን አላስታውስም፤ የማስታውሰው ነጩን ነገር ብቻ ነው። ቴዎፍሎስ ጎትቶ አወጣኝ። የእሱ ካፖርት ከፊት ነደደ፤ ሹራቡ ግን ጠቆር ከማለት በቀር እሳቱ ጠፋበት። ከደረቱ አንዲት ፀጉር አልጎደለችም።

የእኔ ማሊያ ያኔ በክብሪት እንደተፈተነው ክሩ ቀለጠ። ነርሷ ከቆዳዬ ላይ በወረንጦ ስትለቅም ሰነበተች። የክለቡ አርማ ደረቴ ላይ ታትሞ ቀርቷል፤ ከእንግዲህ ቢሸነፉም ደጋፊያቸው ነኝ። ዓይኔ ደህና ነው። ቅንድብ ይበቅላል ተብያለሁ። እጄን ትንሽ ነክቶኛል። የሚያጎርሰኝ ቴዎፍሎስ ነው፤ እስከ ዛሬም ጉርሻው ያንቅ ነበር፣ አሁንማ ምክንያት አግኝቷል።

ስለዚህ ቅዳሜ ነይ፤ ወደ ተከራየንበት ሳይሆን ወደ ሆስፒታሉ። ዕቃዬን ግን አትጠቅልዪ። ጋሼ ገብረአማኑኤል መጥተው «ባሕታዊው ነኝ» ብለው አጠገቤ ተቀመጡ። ስድብ ስጠብቅ ሥራ ሰጡኝ። ሲሻለኝ አዲስ የሚቀጠሩትን በር ላይ አስቆማለሁ፤ ከለበሱት ክር መዝዤ በክብሪት እፈትናለሁ፤ ደረቴንም አሳያቸዋለሁ። ክብሪቱን ቴዎፍሎስ ይጭርልኛል። በቀልደኝነቴ ማንም አምኖኝ አያውቅም፤ አሁን ግን የሚያምኑኝ ይመስለኛል። ይህን አትንጠቂኝ።

ሌላ ሹራብም ሥሪልኝ። ከፊት የሚከፈት ይሁን፤ በራስ የሚጠለቀውን አልችለውም። የግራው እጅጌ በፋሻ ላይ የሚያልፍ ሰፊ ይሁን። የቀኙ ከክርን ባያልፍም ይበቃል፤ ከዚያ በታች የሚለብሰው የለምና የበግ ጠጉሩን አታባክኚ። ሲያሳክከኝም ማከክ አልችልም፤ በዚህ ተበቀልሽኝ።

መድኃኔዓለም እጆችሽን ይጠብቅልኝ እታለም። ልጆቹን ሳሚልኝ።

ከታች ያለችው ጠማማ ጽሑፍ ብቻ የእኔ ናት፤ እስክሪብቶውን በጥርሴ ይዤ ነው የጻፍኳት። ቴዎፍሎስ ከሰባተኛ ክፍል ጽሑፍህ ትሻላለች ይለኛል።

ታናሽ ወንድምሽ