ትከሻ ያልደረሰ ፀጉር

ከወንዛችን ዳር፣ የቅዱስ ያዕቆብ በዓል በዋለ በሦስተኛው ቀን፣ 1651 ዓ.ም.

ለሟቹ ባሌ ለዳሚያን፤

እንደምን ሰንብተሃል አልልህም፤ ለሞተ ሰው እንዲህ አይባልም። ካህኑ በቋንቋችን መጻፍ ሲያስተምሩኝ ለእናት፣ ለአለቃና ለጳጳስ እንዴት እንደሚጻፍ አሳይተውኛል፤ ለሟች ግን አላሳዩኝም። ስህተት ካገኘህ እለፈው።

ደብዳቤህን ያመጣልኝ ብላስ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት «ዳሚያን ከነሸክሙ ወድቆ ሞተ፤ ከትልቁ ወንዝ ማዶ፣ ከጥድ ሥር ቀበርነው» ብሎ የነገረን ያው ብላስ። ከበቆሎው ጎተራ ጀርባ ጠራኝና ወረቀቱን ከእጁ ሳይለቅ፣ ማንበብ አልችልም አለኝ።

«ውስጡ ያለውን ግን ታውቃለህ» አልኩት።

«በቆሎውን እስከ ነጮቹ ከተማ የምሸከመው አምስት ቀን ነው፣ እትዬ ሳቢና። የባልሽን ሞት ግን ሁለት ዓመት ተሸከምኩት።»

አላዘንኩለትም። ላንተም አላዝንም።

ከሸክም የሸሸ ይገረፋል፤ አለቃችንም አድነህ አምጣው ይባላል፤ ስለዚህ ሞተ መባሌ ለሁላችንም ይሻል ነበር ብለህ ጽፈሃል። እሺ፣ ጅራፉን አምናለሁ፤ ጀርባህ ላይ ያለውን ጠባሳ በድብ ስብ ያሸሁት እኔ ነኝ። እዚያ ከተማ፣ ሳን አጉስቲን ያለችው ሴትዮስ ከየትኛው ጅራፍ አዳነችህ? አሁን ትከሻህ ሲሰበርና ከቤቷ ስታስወጣህ፣ «ቦታዬ አለ ወይ?» ብለህ ትጠይቀኛለህ።

ቦታህን ልንገርህ። አስከሬን ስላልነበረን ቀስትህን ሰብረን ቀበርነው። የምትጠጣበትን የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊትም በላዩ ደፋነው፤ ዛሬ ሸርጣን ይኖርበታል። በሸንጎው ቤት መቀመጫህ ላይ የአለቃው ወንድም ፍሩቶስ ይቀመጣል፤ ሸንጎው የሚጠጣውን ጥቁሩን የቅጠል መጠጥም በተራህ እሱ ይጠጣል። እንዳንተ አያስመልሰውም።

እናትህ ፔትሮና በሕይወት አለች። ፀሐይ ስትወጣ፣ እኩለ ቀንና ፀሐይ ስትገባ እዚያ ባዶ ጉድጓድ ላይ ሄዳ ታለቅሳለች። ለአለቃ እንኳ የሚለቀሰው ስድስት ወር ነው፤ ላንተ ሁለት ዓመት ሆነ። ድምፅዋ አልቆ እንደ ቁራ ሆኗል። ልጅሽ አለ ልላት አፌን ከፍቼ መለስኩት። መኖርህን ከነገርኳት፣ እሷን ለማስለቀስ መምረጥህንም መንገር ሊኖርብኝ ነው። ያንን አንተው ንገራት፤ እኔ ተላላኪህ አይደለሁም።

ፈርሶ የነበረውን የወንዝ ዓሣ ማጥመጃ አጥርህን እናትህ በቅርቡ መታሰቢያ ይሁነው ብላ አሠራችው። በአዲስ አጥር መጀመሪያ የተያዘ ዓሣ ፍል ውሃ ውስጥ ከገባ አጥሩ ዳግመኛ እንደማይዝ ታውቃለህ። ደብዳቤህን ባነበብኩ ማግስት የመጀመሪያው ዓሣ ገባ። እኔም ሆን ብዬ ቀቀልኩትና ብቻዬን በላሁት። በማግስቱ አሥራ አንድ ዓሣ ገባበት። አየህ፣ እርግማን እንኳ ላንተ አይሠራም።

ፀጉሬን በመቃብርህ ላይ የቆረጥኩት ከሥሩ ነበር። ትከሻዬ እስኪደርስ ማንም ሊያገባኝ አይችልም። ፍሩቶስ ግን ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ሲጠብቅ ነበር፤ በመንገድ ባገኘኝ ቁጥር ዓይኑ ፊቴን አያይም፣ አንገቴን ነው የሚለካው። በቆሎ የሚወቅጡት ሴቶችም መሳቂያ አደረጉኝ፤ «ያንቺን ፀጉር ኤሊ ነው እንዴ የሚጎትተው?» ይሉኛል። በየአዲስ ጨረቃው ጫፉን በዛጎል ስለት እቆርጠው ነበር። ፍሩቶስን ስላልፈለግሁት ነው። ሌላ ምክንያት እንዳትጨምርበት።

ደብዳቤህ ሲመጣ ስለቱን ወንዝ ወረወርኩት። ይደግ አልኩ፤ ለፍሩቶስም ቢሆን ለማንም ይድረስ። በሳምንቱ አክስቶቼ በሸንጎው ቤት ደጃፍ አስቀምጠው ለኩኝ። አንደኛዋ ፀጉሬን ቁልቁል ጎትታ «ይኸው ደረሰ» አለች።

«እንዲህ ከተጎተተማ የፍሩቶስም ጢም ይደርሳል» አልኳቸው። እሱ ጢም እንደሌለው ታውቃለህ። ሳቁ፤ ግን የሠርጉን ቀን ቆረጡ። አዲሱ በቆሎ ሲደርስ ተባለ።

ትናንት እኩለ ቀን፣ እናትህ እያለቀሰች፣ ፍሩቶስና አክስቶቼም ከማሳው እያዩኝ፣ ወደ መቃብርህ ሄድኩ። ፀጉሬን እንደገና ከሥሩ ቆረጥኩት። የራስ ቅሌ ደማ። በጉድጓድህ ላይ በተንኩትና ዞሬ ፍሩቶስን አየሁት። ሕጉ ሕግ ነው፤ ሁለት ዓመት ሊነካኝ አይችልም። ይህን ያደረግሁት ለራሴ ነው።

እናትህ ለቅሶዋን አቁማ እጄን ያዘችኝ።

«ልጄ፣ ለአንድ ሟች ሁለት ጊዜ አይቆረጥም።»

«አንዱ አልበቃውም፣ እማማ።»

በመዳፏ የራሴን ደም ጠረገች። ከዚያ «ብላስ ከጎተራው ጀርባ ምን ሰጠሽ?» አለች።

«የዱባ ዘር።»

«በዚህ ወር?» አለች።

ዛሬ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ጆሮዬን ሰጥቼ ጠበቅሁ። ድምፅዋን አልሰማሁም። ስወጣ ሙቀጫው አጠገብ ነበረች። ቤት ያለነው ሁለት ነን፤ የወቀጠችው በቆሎ ግን ለሦስት ሰው የሚበቃ ነው። እኔ አልጠየቅኳትም፤ እሷም አልነገረችኝም።

ስለዚህ ለጥያቄህ መልሴ ይህ ነው፤ ቦታ የለህም። ሞተሃል፤ የሞተ ሰው ደግሞ በየት ገብቶ የት እንደሚቀመጥ አያቶቻችን አልተዉልንም። መጥተህ ብትታይ የማፍረው እኔ አይደለሁም። የተቆረጠ ፀጉሬን አይተህም ለእኔ ነው ብለህ እንዳትኩራራ።

ደግሞ ወንዙ በዚህ ክረምት መንገዱን ቀይሯል። የድሮው መሻገሪያ ሰው ይውጣል፤ ትከሻው የተሰበረ አይወጣበትም። አሁን የሚሻገሩት ከላይ ነው፣ የወደቀው ትልቅ ግንድ ካለበት፣ ውሃው ጉልበት በሚደርስበት። ይህን የምጽፈው በዚያ በኩል እንዳትመጣ ነው።

ሙታንን የሚያሳርፍ ጌታ አንተንም ያሳርፍህ፤ የእናትህን ዓይን ግን እስከዚያ ይጠብቅልኝ።

መበለትህ
ሳቢና