ላልቶ ወይስ ጠብቆ?

ካምፓላ፣ ኅዳር 2015 ዓ.ም.

ውድ ቤርሳቤህ፣

«እንደምን አለሽ» ብዬ ብጀምር «ደህና» ትይኝና ነገሩ እዚያው ያልቃል። ኪጋሊ ከገባሽ ጀምሮ የምትልኪልኝ ይህችኑ ቃል ነው፤ እሷንም ጽፈሽ። ስደውል አታነሺም። ቆየት ብሎ «ሥራ ላይ ነበርኩ» የሚል ይመጣል። የሆቴል ወጥ ቤት ፋታ እንደማይሰጥ ጠፍቶኝ አይደለም። ግን አንቺ በአንድ እጅሽ ወጥ እያማሰልሽ፣ ስልኩን በትከሻሽና በጆሮሽ መሃል ይዘሽ፣ ከእናትሽ ጋር ግማሽ ሰዓት ስታወሪ የኖርሽ ሰው ነሽ። ስለዚህ ሥራ ላይ ነበርኩ የሚለውን አላመንኩትም።

ተጠራጣሪ መሆኔን ታውቂያለሽ። እናቴ «ይህቺ ልጅ ጥላዋን እንኳ ማን ላከሽ ብላ ትጠይቃለች» ትል ነበር። እኔ ደግሞ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። አሁን ግን ጥርጣሬዬን ታቅፌ ብቻዬን መቀመጥ ሰለቸኝ። በነሐሴው ባዛር ሰሞን ስልክሽ ላይ አንድ ነገር አይቻለሁ። አልነገርኩሽም። በባዛሩ ቀን ያደረግኩትን ለምን እንዳደረግኩት የማታውቂው ለዚህ ነው፤ ወይም ታውቂያለሽና ዝም ብለሻል።

ባዛሩ ለኛ ምን እንደነበር አስታዋሽ አያስፈልግሽም፤ እኔ ግን መጻፍ አማረኝ። በኮሮና ሁለት ዓመት ከተማው ሲዘጋና ሲከፈት፣ ካባላጋላ ያለችው ምግብ ቤታችን ወንበሮቿን ጠረጴዛ ላይ ሰቅላ ትውል ነበር። አንቺ ትሠሪያለሽ፣ እኔ እቋጥራለሁ፣ ሰው መጫን የተከለከሉት ቦዳ ሞተረኞች ምሳውን ከሞተሩ ኋላ አስረው ያደርሳሉ። ሽሮ በሞተር ብስክሌት እያስጫንን ነው ያንን ጊዜ ያለፍነው። ከዚያ አምና ጥር ላይ፣ እነሱ 2022 በሚሉት ዓመት መጀመሪያ፣ ሁሉም ነገር ተከፈተና ካምፓላ ሁለት ዓመት ያልጨፈረችውን በአንድ ክረምት ልትጨርሰው ተነሳች። እዚህ አገር ክረምት ብሎ ነገር የለም እንጂ። በየሳምንቱ መጨረሻ አንዱ ግቢ ሙዚቃ ነው፣ አንዱ ጋ የሥዕል ትርኢት፣ አንዱ ጋ ምግብ። የሙንዮንዮው ባዛር ከሁሉም ይበልጥ ነበር። ሐይቁ ዳር ያለው ሆቴል የየአገሩን ድንኳን ጠራና፣ እንግዶቹ የወደዱለትን ምግብ ቤት የዓርብ ራቱን ዓመቱን ሙሉ አሠራዋለሁ አለ። አከራያችን ቤቱን ለፋርማሲ ሊሰጠው እንደሆነ የነገረን በዚያው ወር ነው። ያቺ የዓርብ ራት ካመለጠችን እኔና አንቺ አብረን የምንሠራበት ቦታ አልነበረንም።

ችግሩ ቀኑ ነበር፤ ፍልሰታ። ወይዘሮ አክበረት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ያዙንና «በፍልሰታ ዶሮ? እመቤታችን አትታዘባችሁም?» አሉን። የማኅበራችንን ድንኳን የሚያስተባብረው ኤርሚያስ ደግሞ «እትዬ አክበረት፣ ፈረንጁም ኡጋንዳዊውም የሚጠይቀው ዶሮ ወጥ ነው። በምስር ብቻ አናሸንፍም» አላቸው። የጾሙም የፍስኩም እንዲሠራ ተወሰነ። ግን ዶሮውን ማን ይቅመስ? አንቺ ትጾሚያለሽ። ኤርሚያስ ይጾማል። አብራን የምትሠራው ናካቶ የአገሩ ልጅ ናትና አትጾምም፤ ግን በርበሬው አንዴ ምላሷን ከነካ ጨው ይኑር አይኑር አታውቅም፣ ውሃ ውሃ ነው የምትለው።

እኔ ደግሞ ምስጢር ነበርኩ። ሐምሌ ላይ ንሳምብያ ሆስፒታል «ደምሽ በጣም አንሷል፤ ጉበትና እንቁላል ብዪ፣ ጾምን ለጊዜው እርሺው» ብለውኛል። የንስሐ አባቴም ፈቅደውልኛል። ቢሆንም ሕፃን እንኳ በሚጾመው ፍልሰታ በላች መባልን ፈራሁ። እዚህ ያለን ሐበሾች እንኳን የበላነውን፣ ልንበላ ያሰብነውንም እንተዋወቃለን። ለአንቺ ብቻ ነገርኩሽ። አንቺም በየማለዳው ከመንገድ ዳር ሮሌክስ እያስጠቀለልሽ አመጣሽልኝ። ካምፓላ የመጣሁ ሰሞን «ሮሌክስ ልግዛልሽ» ስትይኝ ሰዓት የምታስሪልኝ መስሎኝ እጄን የዘረጋሁትን ታስታውሺያለሽ? እንቁላል በቻፓቲ ተጠቅልሎ ሲመጣ ሳምንት ሙሉ ሳቅሽብኝ። በፍልሰታ ግን አልሳቅሽም። ጓዳ አስገብተሽኝ፣ ማንም እንዳይገባ በሩን በጀርባሽ ደግፈሽ፣ ነጠላሽን አፍንጫሽ ላይ ይዘሽ እስክጨርስ ትቆሚያለሽ።

የባዛሩ ሳምንት ሐሙስ፣ ሽንኩርት እየከተፍሽ ሳለ ስልክሽ ጮኸ። «ገንዚ፣ ማን እንደሆነ እይልኝ» አልሽ። ሳነሳው ጥሪው ተቋረጠ፤ ከኤርሚያስ ጋር የምትጻጻፉበት ገጽ ግን ተከፍቶ ነበር። እሱ የላከው የድምፅ መልእክት ነው። ያንቺ መልስ ከሥሩ በጽሑፍ አለ፦ «ገንዘቤ ትበላለች፤ አታስብ።»

እስቲ አንቺው ፍረጂ፣ ይህን እንዴት ላንብበው? ፊደላችን ሲላላና ሲጠብቅ አንድ ነው። ላልቶ ከተነበበ ገንዘቤ ምግብ ትበላለች። ጠብቆ ከተነበበ ገንዘቤ ትሸወዳለች፤ የአዲስ አበባ ልጆች «ተበላች» እንደሚሉት። እኔ አጠበቅኩት። ለምን አላጠብቀው? በዚያው ሳምንት የድንኳናችን ባነር ታትሞ ሲመጣ «የቤርሳቤህ ማዕድ» ይላል፤ ስሜ የለበትም። «ለአታሚው ቦታ አልበቃ ብሎት ነው» አልሽኝ። እኔ ስገባ ከኤርሚያስ ጋር የያዛችሁትን ወሬ ታቋርጣላችሁ። የዓርቡን ራት ሁለታችሁ ልትይዙት፣ እኔን ለፋርማሲው ትታችሁኝ ልትሄዱ ነው አልኩ በሆዴ። ስልክሽን መልሼ ከማስቀመጤ በፊት ገጹን በራሴ ስልክ ፎቶ አነሳሁት። «ማን ነው?» ስትይኝ «የተሳሳተ ቁጥር ነው» አልኩሽ።

ቅዳሜ ሙንዮንዮ ሰው በሰው ሆነ። መድረኩ ላይ ከበሮ ይመታል፣ ልጆች ሣሩ ላይ ሥዕል ይቀባሉ። ከጎናችን ያለው ድንኳን የካትዌ ሰፈሩ በያጅ የሙካሳ ነበር፤ ከአሮጌ ሰንሰለትና ከመኪና ብረት የሠራቸው ወፎች ደጃችን ድረስ ቆመዋል። ከቤተ ክርስቲያን የተዋስነው ድስት ግን ከለመድነው በጣም የሚበልጥ፣ ሳይቀመስ በግምት ጨው የማይጨመርበት ነበር፤ እሱን እያየሽ ስትጨነቂ ትዝ ይለኛል። ቤታችን ውስጥ ጨው መጨረሻ ላይ የምጨምረው እኔ ነኝ። እጅሽ ልክ ያውቃል ብለሽ ሥራውን የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ።

ምሳ ሊወጣ ሲል በጭልፋ ጥቂት መረቅ ቀንሰሽ፣ ሌላ እጅሽን ከሥሩ ይዘሽ ድንኳኑ ኋላ መጣሽ። «ገንዚ፣ ፈጠን በዪ፣ ጨዉ ካንቺ ነው» አልሽ በዝግታ። ኤርሚያስ ካንቺ ጀርባ ቆሟል። ወይዘሮ አክበረት ትንሽ ራቅ ብለው ተቀምጠዋል። ያቺ ቃል አእምሮዬ ላይ ጠብቃ ጮኸች። በሰው ፊት በጾም ዶሮ ስበላ ሊያስይዙኝ ነው፣ ከዚያ ስሜ ሲበላሽ ማንም ለምን ጥለዋት ሄዱ አይልም አልኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ «በፍልሰታ ዶሮ ቅመሺ ትይኛለሽ? ጾመኛ አይደለሁም እንዴ?» አልኩሽ።

ወይዘሮ አክበረት ዞሩ። ኤርሚያስ ግራ ገብቶት «ግን እኮ ቤርሲ፣ ገንዘቤ ት...» ሲል አቋረጥሽው። «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ጾም መሆኑ ጠፍቶኝ ነው፤ ይቅርታ ገንዘቤ» አልሽ። አንቺ ጾም ጠፍቶሽ አያውቅም። ጭልፋዋን ከፊቴ ቶሎ ስትመልሺ አየሁና፣ ስለነቃሁባት ነው የደነገጠችው ብዬ ደስ አለኝ።

ከዚያ ጭልፋዋን ይዘሽ ወደ ሙካሳ ሄድሽ። ቀመሰና «ስዊት! ቬሪ ስዊት!» አለሽ። እዚህ አገር የጣመ ነገር ሁሉ ስዊት ነው፣ ጨው ይግባበት አይግባበት ከዚያ አይገኝም። አንቺም ይህን ታውቂያለሽ፤ ግን ወደኔ ተመልሰሽ ከመምጣት እሱን ማመን መረጥሽ። ዶሮው ጨው ሳይገባበት ወጣ። እንግዶቹ አንድ ጊዜ ይጎርሳሉ፣ ፈገግ ይላሉ፣ ሳህኑን ቀስ ብለው ያስቀምጣሉ። የሆቴሉ ሰውዬ ሁለተኛ አልቆረሰም። የዓርብ ራቱን የሕንዶቹ ድንኳን ወሰደው። ድስቱን ስናጥብ አንድ የወቀሳ ቃል አልተናገርሽኝም፤ እኔ ደግሞ ጥፋተኛ ሰው ዝም ይላል አልኩ።

መስከረም ላይ ኪጋሊ ሥራ አገኘሽ። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል በጋዜጣ የተጠቀለለ ትኩስ ሮሌክስ እጄ ላይ አስቀመጥሽና ገባሽ። ከኋላው ምን ይኖር ይሆን ብዬ አልበላሁትም፤ ለናካቶ ሰጠኋት። ቤታችን አሁን ፋርማሲ ነው።

ያን ፎቶ ግን ይዤው እዞራለሁ። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለአቶ መንግሥቱ አሳየኋቸው፤ ደሴ አማርኛ ሲያስተምሩ ኖረው አሁን እዚህ ልጃቸው ጋ ያሉትን ታውቂያቸዋለሽ። መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡት። አላልተው። «ትብላ እንጂ፣ ምን አለበት?» አሉኝ።

«ሊጠብቅ አይችልም፣ ጋሼ?»

አዩኝና ስልኩን መለሱልኝ። «ሊጠብቅማ ይችላል። ወረቀት ላይ ግን አይታይም፤ የሚያጠብቀው አንባቢው ነው፣ ልጄ። ‹ይጠብቃል› የሚለውን ራሱን ተመልከቺው። ላልቶ ሲነበብ ገመድ ነው የሚጠብቀው፤ ጠብቆ ሲነበብ ሰው ሰውን ይጠብቃል።»

ኤርሚያስንም ያዝኩት። «ዶሮውን ማን ይቀምስልናል ነው ያልኳት፤ እሷም አንቺን ጠራች። ለምን እንደምትበዪ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም» አለኝ። እስቲ ድምፁን አሰማኝ ስለው ስልክ ቀይሬያለሁ አለ። ተመካክራችሁ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ምን ላድርግ፣ እንዲህ ሆኜ ነው የተፈጠርኩት። የባነሩም ነገር እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም።

አንድ ነገር ግን ልጠረጥረው ሞክሬ አቃተኝ። ያን ቀን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ታማለች፣ ትበላለች» ብትዪ በቂ ነበር። እኔ አፍሬ እቀምሳለሁ፣ ወጡ ጨው ያገኛል፣ የዓርብ ራቱም ምናልባት የኛ ይሆን ነበር። አንቺ ግን ቃሉን ከኤርሚያስ አፍ ላይ ነጥቀሽ ዋጥሽው። ሊበላኝ ያሰበ ሰው በኔ ፈንታ ተበልቶ ዝም አይልም። ጠዋት ጠዋት እንዲህ አስባለሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ፎቶውን አወጣና መልሼ አጠብቀዋለሁ። በዚህ መሃል ደክሞኛል፣ ቤርሲ። ናፍቀሽኛልም።

ሐኪሙ እስከ ፋሲካ አትጹሚ ብሎኛል። የነቢያት ጾም ሊገባ ነው፤ ሮሌክሱን አሁን ራሴ እየገዛሁ እበላለሁ፤ በሩ ላይ የሚቆምልኝ ግን የለም።

ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ «ደህና» ብለሽ እንዳትጽፊልኝ። መጻፉ ይቅር። ስልክሽን አንሺና ያቺን ቃል በድምፅሽ ላኪልኝ፤ ገንዘቤ ትበላለች በዪ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ካላላሽው በማግስቱ የኪጋሊን አውቶቡስ እሳፈራለሁ። ካጠበቅሽውም ላኪው፤ ከራሴ አፍ ስሰማው ከምኖር ካንቺ አፍ ልስማው።

እጠብቃለሁ። ይህቺን ግን አጥብቀሽ አንብቢልኝ።

ገንዘቤ