ስለ ተነቀለው ቆጣሪና ስለ አባቴ ኩላሊት

ለተከበሩ የአካባቢያችን የኤሌክትሪክ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የቤተሰብዎን ጤና፣ እንዲሁም ባለፈው ለጉዳዬ በመጣሁበት ቀን ከቢሮዎ ጓሮ ሆኖ ሲያጉረመርም የሰማሁትን የጄኔሬተርዎን ጤና በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። መብራት የሚያከፋፍል ቤት ለክፉ ቀን ብሎ የራሱን ጄኔሬተር ማስቀመጡ አስተዋይነት ነው። እኛ ደንበኞችዎ ይህን ያህል አርቀን ባለማሰባችን እናፍራለን።

እኔ የተማሪዎች ደንብ ልብስ ሰፍቼ የማድር፣ በአንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከአባቴ ጋር የምኖር ሴት ነኝ። አባቴ አርባ ዓመት በከባድ መኪና መካኒክነት የሠሩ፣ የሥራ ጓደኞቻቸው እስከ ዛሬ «ናፍጣ» እያሉ የሚጠሯቸው ሰው ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ሁለቱም ኩላሊቶቻቸው ሥራ አቆሙ። ከዚያ ወዲህ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ከከተማው ሌላ ጫፍ ካለው ሆስፒታል ደርሰው ደማቸው በማሽን መታጠብ አለበት።

መጀመሪያ የምንሄደው በሁለት አውቶቡስ ነበር። መሄዱስ ደኅና፤ የከበደን መመለሱ ነው። ከእጥበት የወጣ ሰው ተጨምቆ እንደ ተሰጣ ልብስ ነው። አንድ ቀን እግራቸው ከዳቸውና ፌርማታው ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ። ሦስት አውቶቡስ አለፈን። አራተኛው ሲመጣ፣ «ልጄ፣ እኔን እዚሁ ተይኝና አንቺ ሂጂ፤ ሥራሽ ይጠብቅሻል» አሉኝ። በማግስቱ ከሦስቱ የስፌት መኪናዎቼ ሁለቱን ለሽያጭ አቀረብኩ። ታናሽ እህቴም ለትዳሯ ያስቀመጠችውን ጨመረችልኝና አንድ ያገለገለች ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛን። ሁለት መኪና ሸጬ አንድ መኪና ገዛሁ እያልኩ ስቄያለሁ፤ ያኔ ሳቅ ነበረኝ።

የነዳጅ መኪና ብገዛ ነዳጁን አልችለውም። ጽሕፈት ቤትዎ ደግሞ በየአደባባዩ «የቤትዎ ሶኬት ማደያዎ ነው» ብሎ ለጥፎ ነበር፤ የመንግሥት ጽሑፍ አይዋሽም ብዬ አመንኩ። ባትሪዋ ያረጀ ስለሆነ ሙሉ ሆና እንኳ ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ደርሳ ብትመለስ ነው። አባቴ ኮፈኗን ከፍተው ብዙ ቆዩ። «ይሄ ምኑ መኪና ነው፤ ድምፅ የለው፣ ጭስ የለው» አሉ። ሳምንት ሳይሞላ ግን በየጠዋቱ በጨርቅ ሲወለውሏት አገኘኋቸው።

አሁን ለተደረገልኝ ሁሉ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፤ በመስኮት ቁጥር አራት ላይ ላሉት ሠራተኛዎ ስለሰጡኝ ትምህርት አመሰግናለሁ። እኔ የጠየቅኩት መኪናዋ ከምትቆምበት ቦታ ድረስ የራሱ ቆጣሪ ያለው መስመር እንዲዘረጋልኝ፣ ወጪውንም ራሴ እንድሸፍን ነበር።

«መኪናው የሚቆመው የት ነው?» አሉኝ።

«ግቢው ውስጥ።»

«ግቢው የማን ነው?»

«የነዋሪዎቹ፤ የሁላችንም።»

«የሁሉም ከሆነማ የማንም አይደለም» ብለው ማመልከቻዬን በሁለት ጣታቸው ገፍተው መለሱልኝ።

ከነዋሪዎች ኮሚቴ የፈቃድ ደብዳቤ እንዳመጣ ታዘዝኩ። የኮሚቴው ሊቀ መንበር ሥርዓት የሚወዱ ሰው ናቸው፤ መስመሩ እሳት እንደማያስነሳ ጽሕፈት ቤትዎ በጽሑፍ ካላረጋገጠላቸው አይፈርሙም። ጽሕፈት ቤትዎ ደግሞ መስመሩ ተዘርግቶ ሳያየው አያረጋግጥም፤ የኮሚቴው ፊርማ ከሌለ አይዘረጋም። አራት ወር ሙሉ ከእርስዎ ወደ እሳቸው፣ ከእሳቸው ወደ እርስዎ ስመላለስ ጫማዬ አለቀ፤ ደብዳቤው ግን አልተወለደም።

ሁለተኛ፤ ለተቆጣጣሪዎችዎ ትጋት አመሰግናለሁ። በእነዚያ ወራት በመጀመሪያ ከሦስተኛ ፎቅ መስኮቴ ማራዘሚያ ገመድ አወርድ ነበር። ልጆች ከሥሩ ስለሚጫወቱ ኮሚቴው ከለከለኝ፤ በዚህ አልቀየምም። ይህን ያየ ምድር ቤት የሚኖር አንድ ሰዓት ሠሪ አለ። ብቻውን የሚኖር፣ የፊት ክፍሉን ሱቅ ያደረገ፣ ከሰው ጋር ብዙ የማያወራ ሰው ነው። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ጠብቆ፣ «እህቴ፣ የእኔ መስኮት ከመኪናሽ አጠገብ ነው። ከእኔ ሶኬት ሰኪ። አባትሽ አባቴ ናቸው» አለኝ።

የሰው ሐቅ እንዳልበላ ብዬ የምወስደውን የምትለካ ትንሽ ቆጣሪ ገመዱ ላይ አስገጠምኩ። ሁለት ወር በሰላም ኖርን። አባቴ አንድም ቀን ሳያረፍዱ ታጠቡ፤ ፊታቸው ተመለሰ፤ ከሰዓት ሠሪውም ጋር ስለ ማርሽ ጥርስ እየተከራከሩ ወዳጅ ሆኑ። ከዚያ አንድ ጠዋት ሁለት ተቆጣጣሪዎችዎ መሰላል ይዘው መጡ። ኃይልን ለሦስተኛ ወገን ማስተላለፍ ክልክል መሆኑን አነበቡልን። ያቺን ትንሽ ቆጣሪ ሲያዩም፣ መብራት ይሸጥ እንደነበር ማስረጃ አድርገው መዘገቧት። ብሰርቅ ኖሮ ማስረጃ አይገኝብንም ነበር።

«ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ፤ የእኔን ንቀሉ» አልኳቸው።

በዕድሜ የሚበልጠው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቀና ብሎ አላየኝም። «እህቴ፣ እኛ የታዘዝነው የእሱን ነው» አለና የሰዓት ሠሪውን ቆጣሪ ነቅሎ ሄደ።

ይቅርታ ልጠይቀው ስገባ ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አገኘሁት። «ሰዓት በፀሐይም ይታያል፤ የጥንቶቹ እንዲያውም በጥላው ነበር የሚያውቁት» ብሎ አጫወተኝ። እዚያው ቆሜ ሳለሁ ግን አንዲት ደንበኛ ያመጣችለትን የሴት የእጅ ሰዓት ደጋግሞ ወደ ብርሃኑ ሲያዞር፣ ብሎኑ አልታይ ሲለው፣ በመጨረሻም «ይቅርታ፣ ሌላ ጋ ውሰጂው» ብሎ ሲመልስላት አየሁ። ዓይኑ የወጣት ዓይን አይደለም።

ሦስተኛውን ቁጥር ከየት እንደምጀምረው ቸግሮኛል። ከዚያ በኋላ የቀረኝ እርስዎ ሪባን ቆርጠው ያስመረቁት የሕዝብ ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ ነው። ስድስት ማሽን አለው፤ አራቱ ላስቲክ ለብሰው ያርፋሉ። በሳምንት ከአንድ ቀን በላይ ልሰለፍ አልችልም፤ የተሰለፍኩበት ቀን የስፌት መኪናዬ ቆሞ ይውላል። አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ተሰልፌ ከፊቴ ሁለት ሰው ሲቀረኝ መብራት ጠፋ። እስኪመሽ ጠብቄ ተመለስኩ።

ረቡዕ ጠዋት መኪናዋ ለመድረስ ያህል እንዳላት ታሳይ ነበር። ያረጀ ባትሪ እንደ ኩሩ ድሀ ነው፤ ሳይኖረው አለኝ ይላል። ከሆስፒታሉ በፊት ያለው ዳገት ላይ ቆመች። እኔ የማደርገው ጠፍቶኝ መሪውን እንደ ጨበጥኩ አባቴ በሩን ከፍተው ወርደው፣ ከኋላ ሄደው ትከሻቸውን አስደገፉ።

«አባባ፣ እባክዎ ይግቡ።»

«ዕድሜዬን ሙሉ የሰው መኪና ስገፋ ኖሬ የራሴ ሲሆን ልቀመጥ?»

ከኋላችን የቆመ አውቶቡስ ተሳፋሪዎች ወርደው ገፉልን። አንዲት ነፍሰ ጡር ሳትቀር ወርዳ ነበር። ዳገቱን ወጣን፤ ነገር ግን አንድ ሰዓት ተኩል አርፍደን ስንደርስ አልጋው ለሌላ በሽተኛ ተሰጥቷል። የሚቀጥለው ተራቸው ዓርብ ነው ተባልን። ሐሙስ ከሰዓት አባቴ ጋደም ማለት አቃታቸው። ውኃው ሳንባቸው ገብቶ ነበር። ሁለት ቀን በኦክስጅን ከርመው ተመለሱልኝ።

አንድ ሁለት ሳምንት እንዳለፈ ምሳ ስንበላ፣ «ዶክተሩ ከእንግዲህ በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃዎታል ብሎኛል፤ ረቡዕ ቀርቷል» አሉኝ።

ደስ አለኝ። ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ይህን ቃል ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ግን ደስ አለኝ። ለምን እንዴት ብዬ አልጠየቅኩም። አንድ ሙሌት ለሁለት ቀን ይበቃል፤ ሁለተኛ ሰልፍ የለም፤ ልብሶቹንም በጊዜያቸው አስረክባለሁ ብዬ አሰብኩ። አምስት ሳምንት እንዲህ ኖርን። እግራቸው አብጦ ጫማ እምቢ ሲላቸው፣ «ጫማው ነው የጠበበው» አሉ፤ እኔም ጫማውን ወስጄ አስለጠጥኩላቸው።

አንድ ዓርብ በሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ነርሷ አስቆመችኝ። «አባትሽ ረቡዕ ረቡዕ የሚቀሩት ለምንድን ነው? ሌላ ቦታ ጀመሩ እንዴ?» አለችኝ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ጠየቅኳቸው። ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ መለሱልኝ።

«ባትሪው ለሁለት ቀን ይበቃል፤ ለሦስት አይበቃም» አሉ። «መካኒክ አይደለሁ እንዴ፣ አስልቼዋለሁ። የዚያ ሰውዬ ቤት በእኔ የተነሳ ጨለመ። አንቺም በእኔ የተነሳ ሰልፍ ላይ ስትውዪ አላይም።»

መንገዱ ስላልታየኝ መኪናዋን ዳር ይዤ አቆምኩ። አባቴ ከዳሽቦርዱ ላይ የመወልወያ ጨርቃቸውን አንስተው ሰጡኝ።

ዛሬ አባቴ ወደ ሦስት ቀናቸው ተመልሰዋል። ሐኪሙ በነዚያ አምስት ሳምንታት ልባቸው ከአቅሙ በላይ ውኃ ተሸክሞ እንደ ሰፋ፣ ወደ ነበረበትም ላይመለስ እንደሚችል ነግሮኛል። ፎቁን ሲወጡ በየደረጃው እያረፉ ነው፤ ያረፉ እንዳይመስልባቸው ግድግዳውን ይመረምራሉ። መኪናዋን አሁን የምሞላበት ቦታ አለ። የት እንደሆነ ግን ይቅርታ ያድርጉልኝና አልነግርዎትም። የሰጠኝ ሰው ነው፤ ከዚህ በፊት ሰው ሆኖ የተገኘውን ምን እንዳደረጋችሁት አይቻለሁ።

ስለዚህ በዚህ ግልጽ ደብዳቤ ለራሴ የምለምነው የለም። መስመሩም ይቅርብኝ፤ ማመልከቻዬም በመሳቢያዎ ውስጥ በሰላም ይረፍ። የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ የሰዓት ሠሪውን ቆጣሪ መልሱለት። ቅጣት የግድ ከሆነ ስሜ፣ አድራሻዬና ጥፋቴ በመዝገባችሁ አሉ፤ የእኔን ቤት አጨልሙት። እኔ አንድ የስፌት መኪና ብቻ ነው የቀረኝ፤ እሱንም ያለ መብራት በእግሬ ረግጬ ልሠራበት እችላለሁ። እሱ ግን የሚሠራው በዓይኑ ነው።

ይህን ረጅም ጽሑፍ ለማንበብ ውድ ጊዜዎን ስለሰጡኝ፣ ካልሰጡኝም ሊሰጡኝ ይችሉ ስለነበር፣ ከወገብ በላይ ጎንበስ፣ ከልብ በላይ ቀና ብዬ እሰናበትዎታለሁ።

አክባሪዎ፣
የሦስተኛ ፎቋ ልብስ ሰፊ፣ የ«ናፍጣ» ልጅ

ተጨማሪ ማሳሰቢያ፦ መልስ የሚያደርስ ሰው ልከው እንዳይደክሙ ብዬ ነው። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ቤት አንገኝም፤ እነዚያ የአባቴ ናቸው። ማክሰኞና ሐሙስ ግን ቆጣሪው እስኪመለስ ድረስ ከአባቴ ጋር ከቢሮዎ ደጃፍ ስለምንውል፣ መልእክተኛም አያስፈልግዎትም፤ መጋረጃዎን ገለጥ ቢያደርጉ ይበቃል። ስለ መቀመጫ እንዳያስቡ፤ ወንበሩን ከቤታችን ይዘን እንመጣለን።