ያልነዳኸውን ነዳሁ አትበል

ልጄ እዮኤል፣ የጌታ ሰላም ባለህበት ይብዛልህ። እኔም እህትህ ፊቤም ደህና ነን። እዚህ ሆሳዕና ዝናቡ ገብቷል፤ አጥሩንም አሳድሰናል።

ልጄ፣ ይህን የምጽፍልህ አንድ ነገር ሰምቼ ነው። እንደ አንተው ደቡብ አፍሪካ፣ ጀርሚስተን ከተማ ያለው የጎረቤታችን የስንዱ ልጅ፣ ዮአብ፣ ታስሯል። አንድ ነጋዴ በፍጥነት ሲነዳ የትራፊክ ካሜራ ይዞት ኖሮ፣ የጥፋት ነጥቡ ሞልቶ መንጃ ፈቃዱን እንዳይነጠቅ፣ «ያሽከረከርኩት እኔ ነኝ ብለህ ፈርምልኝ» ብሎ ዮአብን በገንዘብ አባበለው። ፈረመለት። ለካ ያ መኪና የዚያኑ ዕለት አንዲት ሴት ገጭቶ አምልጧል! ፖሊስ ወረቀቱን ይዞ ዮአብ ቤት መጣ። ዮአብ ለእናቱ ደውሎ «እማዬ፣ እኔ መኪናውን እንኳ አይቼው አላውቅም» እያለ አለቀሰ። ነጋዴው ስልኩን ዘግቷል።

ይህን ለፊቤ ስነግራት ፊቷ ልውጥ አለ። «እዮኤልም ለአከራዩ እንዲሁ ‹የነዳሁት እኔ ነኝ› ብሎ ፈርሟል» አለችኝ። አንተ ቀላል ነገር መስሎህ ይሆናል፤ ያ ሰው በመኪናው ምን እንዳደረገ ግን በምን ታውቃለህ? መንጃ ፈቃድህን ቢነጥቁህስ ለሱቅህ ዕቃ በምን ታመጣለህ?

እባክህ አባቴ፣ ተቆጥቼህ አይደለም፤ ፈርቼ ነው። የቤተ ክርስቲያናችሁን ሽማግሌ ይዘህ ጠበቃ ዘንድ ሂድ፤ ፖሊስ ሳይመጣብህ እውነቱን ተናገር። መፈረምህ የሚያስቀጣ ከሆነ ተቀጣ፤ በሌላ ሰው ጥፋት ግን አትታሰርብኝ። እግዚአብሔር በሚሰሙህ ሰዎች ፊት ሞገስ ይስጥህ፤ ክንፉን ይዘርጋብህ። ተናግረህ እንደወጣህ ደውልልኝ፤ ስልኩን ይዤ እጠብቃለሁ።

እናትህ በለጥሽ