ስለ እናቴ መውጫ

ለተከበሩ የፍትሐ ብሔር ችሎት ሰብሳቢ ዳኛ

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የተመቸ፣ እንቅልፍዎም እስከ ዛሬ እንደነበረው ሰላማዊ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ጎረቤታችን የሆነ የሕንፃ ተቋራጭ የቤቷን ብቸኛ መውጫ በግንብ ስለዘጋባት የከሰሰችው ጡረተኛ አስተማሪ ልጅ ነኝ። እኛ ልጆቿ በመሰላል እንወጣለን፣ እንወርዳለን፤ እናቴ ግን በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ናት።

ክስ ማለት የተበደለ አመልክቶ፣ የተከሰሰ መልስ ሰጥቶ፣ ዳኛ መርምሮ የሚፈርድበት ነገር ይመስለኝ ነበር። ክቡርነትዎ ዕውቀቴን ስላሰፉልኝ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ግንቡ ገና ከጉልበት ሳያልፍ እግድ ለምነን ነበር። ተከሳሹን ሳይሰሙ ማገድ ተገቢ አይደለም ብለው መጥሪያ ላኩለት፤ እሱ ግን ግንበኞቹን ሲያጣድፍ መጥሪያ መቀበያ ጊዜ አጣ። መልሱን ይዞ በቀረበ ዕለት ግንቡ አልቆ ተለስኖ ነበርና፣ ያለቀ ሥራ እንደማይታገድ በትዕግሥት አስረዱን።

፪. ቦታውን አይቶ እንዲያስረዳ መሐንዲስ ስለላኩልንም እናመሰግናለን። መሐንዲሱ ግንቡ ሥር ቆሞ፣ እኛ ከወዲህ እየተጣራን፣ መግቢያ ስላልተገኘ የከሳሽን ቤት ማየት አልተቻለም ብሎ ጽፎ ተመለሰ። ይህን ስንሰማ ረታን ብለን ተቃቀፍን፤ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከየት ይመጣል? ክቡርነትዎ ግን ሪፖርቱ ያልተሟላ ነው ብለው ሌላ ቀጠሮ ሰጡን።

፫. በቀጠሮው ቀን ከሳሽ በአካል ቀርባ እንድትጠየቅ አዘዙ። ከቤቴ መውጣት አልቻልኩም ብላ የከሰሰች ሴት፣ ከቤቷ ባለመውጣቷ መዝገቧ ተዘጋባት።

፬. መዝገቡን ስንት ደጅ ጠንተን አስከፈትነው። ለአዲሱ ቀጠሮ እናቴን ከነወንበሯ በገመድ አስረን፣ አናጢው አጎቴ ከላይ፣ እኔና ወንድሜ ከታች ሆነን በግንቡ ላይ አሳለፍናት። ክፍል ሙሉ ተማሪ በአንድ እይታ ጸጥ ታሰኝ የነበረች ሴት፣ ልጆቿ ፊት ላለመጮኽ ከንፈሯን እስኪደማ ነከሰች። ችሎት ስትደርስ የተከሳሽ ጠበቃ ብድግ ብሎ፣ ከሳሽ እዚህ መገኘቷ ራሱ መውጫ እንዳላት ያረጋግጣል አለ። ክቡርነትዎም ራስዎን ነቀነቁ፤ በፍርዱም ላይ ያንኑ ቃል በቃል አሰፈሩት። ብትቀር ተዘጋባት፣ ብትመጣ ተረታች።

ክቡርነትዎ፣ ጨዋነቴ እዚህ ላይ አለቀብኝ። እናቴ ሐኪም ቤት እየተመላለሰች እግሯን ትታከም ነበር፤ ምርኩዝ ይዛ መቆም ጀምራ ነበር። ግንቡ ከተሠራ ወዲህ ሕክምናው ቀርቷል። አሁን አልጋዋ ላይ ሆና እግሯን በእጇ አንስታ ነው የምታዞረው። ጥፋቱ የተቋራጩ ብቻ ቢሆን ኖሮ እሱን ጠልቼ ዐርፍ ነበር፤ አሁን ግን ጥላቻዬን ለሁለት መክፈል ግድ ሆኖብኛል፤ ትልቁን ድርሻም ለክቡርነትዎ ሳቀርብ ቅር አይለኝም።

ለወንበርዎ አንገቴን ደፍቼ፣ ለፍርድዎ ግን ቀና ብዬ የምጽፍ፣ የጥበብዎን ጥልቀት ለመረዳት አቅም ያነሰኝ፣

የከሳሿ የመጨረሻ ልጅ

ማሳሰቢያ፦ ለይግባኝ የፍርዱን ግልባጭ ብንጠይቅ፣ መዝገብ ቤቱ ከሳሿ ራሷ ቀርባ ካልፈረመች አይሰጥም ብሎናል። እናቴን ሁለተኛ በገመድ አናስራትም። ስለዚህ ግልባጩን ይዘው ቤታችን ድረስ እንዲመጡልን በታላቅ አክብሮት እንጋብዝዎታለን፤ መውጫ አለ ብለው ፈርደዋልና መግቢያውን አያጡትም።